ቡሎን

ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣
የከዚራ ወፎች ሲጀምሩ ወቀሳ፣
ቡሎንና እኔ ከበር ወጣንና
ሦስት እርምጃ ሄደን ቆምን እንደገና።

ውሻ ነው እንዳልል ከድመት ያንሳል፤
ድመት ነው እንዳልል ሲጮህ ሰፈር ያስነሳል።
ኑረዲን ነው ያገኘው፣ ከደቻቱ ድልድይ ሥር፣
በማካሮኒ ካርቶን ሲንቀጠቀጥ ሲያጣጥር።
እናቱ «ለሶላቴ አይሆንም» ስትለው
ሮጦ መጣ እኔ ዘንድ፣ እጄ ላይ ጣለው።

ስሙን እኔ አወጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ከብረት
ሳስር ለኖርሁ ሰው ሌላ ስም ከየት ይመጣል?
አጭር፣ ራሰ ትልቅ፤ ቡሎን ነው፣ ይበቃል።

ሐኪም «ስኳርህን በእግርህ አውርደው» ብሎኛል፤
ብቻዬን መዞሩ እብድ ያስመስለኛል፤
ገመድ የያዘ ሰው ግን ጉዳይ ያለው ይመስላል።
ጠፍሩን እኔው ሠራሁ ከአሮጌ ቀበቶ፣
መቆለፊያው ደግሞ ከቁልፍ መያዣዬ ተፈትቶ።

ባስረው ዝም አለ። ብስበው ተኛ።
ብጎትተው አየኝ እንደ ግፍ እስረኛ።
ባጃጅ አቆመና አንድ ጎረምሳ ሳቀ፤
(የድሬ ልጅ አይደል? «አንቱ»ን መች አወቀ?)
«አባባ፣ የእጅ ፍሬን ይዘሃል፣ ሞተሩ ተጣበቀ!»

አልሸነፍም አልኩ። እጄ ያውቃል ማጥበቅ፤
በስተርጅና ማን ያስተምረው መልቀቅ?

በአራተኛው ቀን ነው። ከደረቁ ወንዝ ዳር
ሂቦ መጣች፣ ሰባት ፍየሎች ከእሷ ጋር፣
ወደ ገበያ ስትነዳ። ውሻውን ስታይ
ሽርጧን ሰብስባ ቆመች፣ ፈቀቅ ብላ ከላይ።
እኔ ስስብ አየች፣ እሱ እግሩን ሲተክል፣
ላቤ ጠብ ሲል አሸዋው ላይ፣ ሁለታችን ስንታገል።
«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣
«ገመድ ምን መሰለህ? ወሬ ነው የሚያደርሰው፤
ወጥረህ ከያዝከውማ ጩኸት ነው የሚሰማው።»
ይህንን ብላ ነዳች።
ከሰባቱ አንዲቷ ብቻ ነበረች የታሰረች፤
እሷም ገመዷን እንደ ሐብል አጥልቃ ትሄዳለች።

ማታ ሳጥን ከፍቼ አሮጌ መፍቻዬን አየሁ።
«መፍቻ» ነው እኮ ስሙ፤ እኔ ሳጠብቅበት ኖርሁ።

በማግስቱ ወጣን። ኪሴ ውስጥ የሳምቡሳ ጥግ፤
እጄን ፈታ አድርጌ፣ ጠፍሩ መሬት ሲጠርግ፣
ቆምኩ። ቆመ። አየኝ። አንድ እርምጃ ሄድኩ።
የጥፍሩ ድምፅ ኋላዬ ሲመጣ ትንፋሼን ያዝኩ።
ሳምቡሳ ሰጠሁት። ሁለቴ። ደግሞ ሦስት።
አንድ ቀን አንድ አጥር፣ አንድ ቀን አንድ ቤት፤
የዳቦ ቤቱን ጥግ፣ የመብራት እንጨቱን፣
እሱ ሲያነብ ቆሜ እጠብቃለሁ ሽታ መጨረሱን።
ድሮ አለቃችን ሰዓት አይቶ ይቆጣን ነበር፤
የዛሬው አለቃዬ አፍንጫ ነው፣ የማያልቅበት ነገር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣
ደረስን ባቡር ጣቢያ፤ ዕድሜ ሳልቆጥር፣ ሕመሜን ረስቼ፣ በአቅሜ።
በሩ ላይ ቆምን። ከአጥሩ ጀርባ
ያጠበቅሁት ሁሉ ዝጓል፤ መፍቻም አይገባ።
ቡሎን ተቀመጠ። ምን እንደማስብ ምን ያውቃል?
ጆሮውን ብቻ አቁሞ የማይመጣ ባቡር ይጠብቃል።

ልንመለስ ስል ጠፍሩን አየሁት ዝቅ ብዬ፤
መቆለፊያው ክፍት ነው፣ ባዶውን ነው ጌታዬ!
ከየት ጀምሮ ይሆን? ከዳቦ ቤቱ? ከድልድዩ?
ማንን ልጠይቅ? መንገደኞቹም አላዩ።
ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ምንም አላልኩ፤
ጫፉን በመዳፌ ሸፍኜ ወደ ቤት አቀናሁ፣ ሄድኩ።

«አባባ፣ ሞተሩ ተነሳልህ!» አለኝ ያ ባለ ባጃጅ፤
ባዶ ጠፍር እንደያዝኩ እጄን አነሳሁለት፣ እንደ ወዳጅ።