ወይን በካልሲ

ለእህቴ ልጅ ሠርግ፣ ለሃምሳ ስድስት ሰው፣
ወይን ፈልግ አሉኝ፤ “አንተ ነህ የምታውቀው።”
እኔ የማውቀው ግን፣ አስቲ አረጋውያን ቤት፣
ሰሃን ማጠብ ነበር፣ ከምሽት እስከ ንጋት።
መቶ ሰማንያ ዩሮ በፖስታ ታሽጎ፣
አማቻችን ሰጠኝ፣ ተአምር ፈልጎ።
በቃና ሠርግ ቤት ውሃው ወይን ሆነ፤
እኔ ዘንድ ግን ቃናው በዋጋ ተመዘነ።

ቅዳሜ ጠዋት ኒዛ ወረድኩ በአውቶቡስ፣
ሞንፌራቶ ጉሙን ሲያወልቅ፣ ሲለብስ።
አደባባዩ ዳር፣ መስታወት በር ያለው
የወይን መደብር፤ ባለቤቱ ኤርማኖ ነው።
ክራቫት አስሯል፤ አፍንጫውን ሰዶ
ብርጭቆ ውስጥ ገባ፣ እስከ ወገቡ ወርዶ።
“ቼሪ ይሸታል” አለ፣ “ቀጥሎ የቆዳ ኮርቻ፣
መጨረሻው ላይ ዝናብ የመታው ድንጋይ ብቻ።”

ቀመስኩ። እውነቱን ልናገር?
ኮርቻም አልመጣ፣ ድንጋይም አልነበር፤
የመጣው ዋጋው ነው፦ ሠላሳ ስምንት ዩሮ፣
ምላሴ ላይ ቁጭ አለ፣ እንደ ዳኛ ከብሮ።
አጠገቤ አንዲት ሴት፣ ከሚላኖ የመጣች፣
“እውነትም ኮርቻ!” ብላ ራሷን ነቀነቀች።
እኔም ነቀነቅሁ።
ከገዛ ኪሴ አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ወጣሁ።
ማፈር ውድ ነው።

ከጣቢያው ጀርባ ጋራዥ አለ፣ ትራክተር የሚጠገንበት፤
ቴሬሲዮ፣ እጁ ግሪስ የጠጣ፣ ጥርሱ ወይን የገባበት፣
“ኤርማኖን ተወው” አለኝ፣ “የሚሸጠው ወረቀት ነው።”
(እኔም በልቤ፦ ሞኝና ወረቀት…
ጠርሙሱ ግን እጄ ላይ ነው።)
“ከድልድዩ ማዶ፣ ቢጫ በር አለ፣ የሴቨሪና ጓዳ፤
መለያ የለው፣ ሜዳሊያ የለው፣ ከፓምፕ የሚቀዳ።
ባርቤራ ነው፤ ሊትሩ ሁለት ከሰማንያ፣
የሚሻል አታገኝም፣ ከዚህ እስከ ሲሲሊያ።”

ሄድኩ። ሴቨሪና በቦት ጫማ ቧንቧ እያጠበች፣
“ማን ላከህ?” ስትለኝ፣ “ቴሬሲዮ” ብላት፣ ሳቀች።
ያ ሳቅ ውስጤ ቀረ።
ለቅምሻ አንድ ጠርሙስ ቀዳችልኝ፤ ገንዘብም አልጠየቀች።

ማታ ለሦስት ጠርሙስ ሦስት ካልሲ አለበስኩ፤
ያደግሁት ጠጅ በብርሌ ነው፣ ወይን በካልሲ ደረስኩ።
አንዱ የኤርማኖ፣ አንዱ የሴቨሪና፣
ሦስተኛው ከሱፐርማርኬት፣ በቅናሽ የመጣ ትናንትና።
ጆርጄታ ነርሷ መጣች፣ ሱራፌል ጎረቤቴ፣
ሰማንያ ዘጠኝ የሞላቸው ሲኞር ኡጎም፣ ከሥራ ቤቴ።
ቀመስን፣ ተፋን።
(ሱራፌል አልተፋም።)
በባዶ ሆድ ኤርማኖ በለጠ፤ ይህን አልክድም።
የሱፐርማርኬቱን ማንም አልደገመም።

ከዚያ ቀይ ወጡ ቀረበ።
የኤርማኖ ወይን ከበርበሬው ተጣላ፣
መረረ፣ እንጨት እንጨት አለ፣ ደረቀ እንደ ባላ።
የሴቨሪና ግን፣ ቅባቱን ጠራርጎ፣ እንደ ሎሚ ስል፣
“ድገሙኝ” ይላል፣ “ድገሙኝ” እንጂ “አድንቁኝ” ሳይል።
ሲኞር ኡጎ ካልሲውን በአውራ ጣታቸው እያሹ፣
“ይሄኛው” አሉ፣ “ሠርግ ያውቃል።”
ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ብርጭቆአቸውን አስጠጉ።

ሰኞ ደምጃኔን ይዤ ስመለስ፣ ፓምፑ እያጓራ፣
ሴቨሪና አጫወተችኝ፣ ሳልጠይቃት፣ በተራ፦
ቴሬሲዮ ወንድሟ ነው።
በላከው ሰው ልክ፣ በየደምጃኑ፣ ሁለት ሊትር ድርሻው ነው።
“ወይኔ!” አልኩ፤
አፌ የሐዘኑን ሲል፣ ደምጃኑ የራሱን ሰማ።
ምክሩ ዘመድ ነበረው፤
ወይኑ ግን ማንንም አልሰማ።

ሃምሳ አራት ሊትር፣ በሱራፌል መኪና፣ በጉልበቴ መሃል፤
ከፖስታው ሃያ ስምንት ዩሮ እና ሳንቲም ተርፏል።
ኮረብታው መታጠፊያ ላይ ዝናብ ጀመረ፤
መስኮቱን ከፈትኩ፣
የአጥሩ ካብ ረጥቦ፣ ሽታው መኪናው ውስጥ ገባ።
ዝናብ የመታው ድንጋይ።
ኤርማኖ ጨርሶ አልዋሸም።