እንዲቆይልኝ

ሥራዬ መስማት ነው፤ ኦማሃ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ፣
ለያንዳንዱ ደዋይ በስድስት ደቂቃ ተመዝኜ።
አንዱ «ያ ዕዳ የኔ አይደለም» ይላል፤
ሌላው «ከፍያለሁ፣ ደረሰኝ አለኝ» ብሎ ይምላል፤
አንዷ ታለቅሳለች፤ በስሟ የተበደረው
የገዛ ልጇ ነው፣ ጢሙ ገና ያላደገው።
ልመናቸው ግን አንድ ነው፦ «አጥፉልኝ!
ከመዝገቡ ፋቁልኝ!»

እኔም በቃሌ የያዝኩትን አነበንባለሁ፤
ሳልሰለች፣ ወይም ሰልችቼ፣ እላለሁ፦
«ሳይከፈል የቀረ ዕዳ፣ ሂሳቡ ቢዘጋም ባይዘጋም፣
ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ ስም አያነሣም።
በወጉ ተከፍሎ የተዘጋውን ግን
እስከ አሥር ዓመት እናኖረዋለን፣ እንዲመሰክር ታማኝነትዎን።»

ከሰው ልብ የተሻለ ሕግ ነው፣ አንዳንዴ ሳስበው፤
እኛ ደጉን በሳልስቱ ነው የምንረሳው፣
ክፉውን ግን ለልጅ ልጅ የምናወርሰው።

ዋንዳ የደወለችው በጥር፣ ማክሰኞ ነበር፣
ከቶሊዶ፣ ከሞሚ ወንዝ ዳር።
ከኋላዋ አንድ ሰው በረዶ ይዝቃል፤
«ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጆሮዬ ደክሟል፣
ቀስ በል፣ ልጄ» አለች። ቀስ አልኩ።

«ነጥቤ በአሥራ አንድ ወረደ። ዕዳ የለብኝም።
የባንኩ ልጅ ‹ምንም አላጠፉም› አለኝ፤ አልገባኝም።»
መዝገቧን ከፈትኩ። እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው፤
አንድ መስመር ብቻ ነው የጎደለው።

«እማማ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ በጋራ የገዛችሁት፣
በሠላሳ ስድስት ወር፣ አንድ ቀን ሳታሳልፉ የጨረሳችሁት።
ከተዘጋ አሥር ዓመት ሞላውና ወጣ።
ያረጀ ሂሳብ ሲወጣ ነጥብ ጥቂት ይጎድላል፤ ሌላ የለውም ጣጣ።»

ዝም አለች። በረዶ ዛቂውም ዝም አለ።

«የካዝ ነው» አለች ቆይታ። «ባሌ፣ ካዚሚር፣
ሠላሳ ዓመት መስታወት ፋብሪካ፣ እቶን ፊት ሲያድር።
ሥራው ሲቆም ተደብቆ ካርድ አወጣ፣
በየወሩ መጨረሻ ደሞዝ መስሎ እንዲመጣ።
ፊርማዬንም እሱ ፈረመው። ያወቅኩት በቀብሩ ማግስት ነው፣
ዕዳ ሰብሳቢ ደውሎ፣ ገና ጥቁሩን ሳላወልቀው።

«‹የኔ አይደለም› ብል ይሰረዝ ነበር፤ ነገሩኝ፤
የሞተውን ሌባ ማድረግ ግን አቃተኝ።
ከፈልኩ። ጥቁሩ ምልክት ግን ሰባት ዓመት ቆየ፤
ከመቃብሩም እግሬ ሰባት ዓመት ተለየ።

«ምልክቱ የወጣ ለት ሄድኩ፤ አበባ አስቀመጥኩለት፣
ቁጭ ብዬም ሰደብኩት።
ከዚያ ወዲያ ሪፖርቱ ላይ ከሱ የቀረው ማሽኑ ብቻ ነው፤
‹እንደ ውሉ ተከፍሎ ተዘጋ› ይላል፤ ስማችን ጎን ለጎን ነው።
እዚያች መስመር ላይ ሦስት ዓመት በደህና ኖርን።

«መልሱልኝ።»

ቅጹ አራት ሳጥን አለው፦ የኔ አይደለም፤ ከፍያለሁ፤
መጠኑ ስሕተት ነው፤ ስሜን ሰርቀውኛል። ፈለግሁ፣ ደገምሁ።
«ይቆይልኝ» የሚል የለም።
የጠረጴዛዬ መብራት ቀላ፤ ስድስቱ አለፈ። ግድ የለም።

«ማሽኑስ፣ እማማ? ተጣለ?»
«ኧረ የታባቱ! ጉድጓድ እንደገባ ጋሪ ይንገጫገጫል እንጂ
ያጥባል። ቆይ።»
ስሊፐሯን እየጎተተች ስትሄድ ሰማሁ። ደረጃ። በር።
ስልኩን አስጠጋችው፦
ውሃ ሲንቦጫረቅ፣ አንድ የተረሳ ሳንቲም
ብረቱን ሲመታ፣ ሲመለስ፣ ሲመታ።
ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።
እሷም አልተናገረች፣ እኔም።

በኋላ «የጥሪው ምክንያት?» ሲለኝ «ሌላ» የሚለውን ነካሁ።
ስክሪኑም «ተዘግቷል» አለኝ።
ማዳመጫውን ሳላወልቅ ትንሽ ቆየሁ።