እንግዶቹ

ከሆለታ ወዲያ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ጉርሜሳ ነቀለ፣ አንድ ባቄላ ከነሥር።
በጥፍሩ ሰነጠቀ፣ ትንሿን የሥር እባጭ፤
ሮዝ ይሆናል ያልነው፣ ውስጡ ባዶ ነጭ።

«ዘሩን በጥቁሩ ዱቄት፣ በስኳር ውሃ አሽቼ፣
በጥላ ለወስኩት፣ ፀሐዩን ፈርቼ።
ታዲያ እንግዶችህ የት ገቡ?» አለኝ ቀና ብሎ።
መልሴ ጉሮሮዬ ላይ፣ ቆመ ተንጠልጥሎ።

አፈሩ ኮምጥጦ፣ አሲዱ ከረረ፣
ነፋስን እህል ሊያደርግ የተጠራው ሁሉ
ሥሩን ሳያንኳኳ፣ ከደጁ ላይ ቀረ።
ኖራ ቢኖር ኖሮ፣ በኖረ ነበረ።
«የሚቀጥለው ሳምንት» ይላል ማኅበሩ፣ ከአምና ጀምሮ።

በአስፋልቱ አንድ ሲኖትራክ፣ ለግንብ ኖራ ጭኖ፣
ወደ አዲስ አበባ አለፈ፣ አቧራ በትኖ።
ጉርሜሳም ሳይስቅ፣ ሳይናገር አንዳች፣
ባርኔጣውን ዘረጋ፣ ከአቧራው በታች።