ሙጫ ያልነካው

ኩሬ ይሏታል ስሟን፣ ባሕር ዳር ቆማ ሳለች፤
በእኛ አፍ ትንሽ ውኃ፣ በእነሱ መርከብ የወለደች።
እዚያ ነው ጌንዞ፣ የመርከብ በያጅ የነበር፣ ዛሬ ጡረተኛ፣
ክንዱን የሚያህል ሰርጓጅ ይዟል፣ ከፕላስቲክ፣ ሦስተኛ።
ሁለቱን ለልጅ ልጁ ሰጠ፤ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰጠሙ።
ይኼኛው ግን የአባቱ ነው፤ ቁጥር አለው፣ የለም ስሙ።

በወረንጦ ያነሣል፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ብሎን፤
በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ የመጋጠሚያውን መስመሩን፤
ግራጫው ቀለም እስኪደርቅ እስትንፋሱን ይይዛል፤
«አቧራ እንዳያርፍበት ነው» ይላል።
ሌላም ያስባል።

እሱ እናቱ ሆድ ሳለ፣ አባቱ ብረት ሆድ አደረ፤
አንዱ በወሩ ተወለደ፤
ሌላው እንደገባ ቀረ።

«ሾርባው ቀዘቀዘ!» ትላለች ፉጂኖ ከማድቤት።
«ቆይ፣ ፔሪስኮፑ ብቻ…» ስንት ክረምት አለፈ በዚህች ምክንያት!

ዛሬ ማታ ጨረሰው። ጎኑ ስንጥቅ የለው፣ ቀዳዳም የለም፤
ከላይ ግን፣ የምስር ክክ የምታህል ክዳን አለች፤
እሷን አልደፈነም።

«ይቺ ትነቃነቃለች፤ ሙጫ ረሳህ» አለችው ፉጂኖ ቀርባ አይታ።
«መውጫ ናት» አለ ጌንዞ።
ሾርባውን ጠጣ፣ እንደቀዘቀዘ፣ በዝምታ።