ጃንዋሪ አንድ የተወለዱ

ዶክተር ጦይባ መጣች፣ ጋወኗን እንደለበሰች፣
ወንበር ሳብ አድርጋ ስክሪኔ ላይ ጎነበሰች።
«አቶ አራጋው» አለችኝ፣ «ይቺን ነገር ያስረዱኛል?
አራት መቶ ሰባት ሰው ባንድ ቀን እንዴት ይወለዳል?
የኩታበሩ፣ የሐይቁ፣ የገራዶውም ገበሬ
ሁሉም ጃንዋሪ አንድ ነው፤ ልብ ያልሁት ገና ዛሬ።»

ሳቅሁ። ወዲያው ግን አፈርሁ።
በዚችው ጣቴ ነው እኮ ሁሉንም ያዋለድኋቸው፤
ማሽኑ ቀን ካልሞሉለት አያልፍም፣
እነሱ ደግሞ ቀን የላቸው።

«መቼ ተወለዱ?» ስል፣ አንዱ «ጦሳን በረዶ ያለበሰው ለት»፣
አንዷ «ወንድሜ ካሰብ የተመለሰ ሰሞን፣ በመውሊድ ዋዜማ ሌሊት»፣
አንዱ «እናቴ ታውቅ ነበር፣ እሷም አፈር ሆነች» ሲል፣
ሰልፉ እስከ ውጭው በር፣ ካፊያ ሰዉን ሲያበሰብስ ሲውል፣
ምን ልጻፍ?
ጃንዋሪ አንድ።
ቀጥል።

ጳጉሜ ያለኝ እንደሆን፣ ያኔ ነው የባሰ ጉዱ፤
ማሽኑ አስራ ሁለት ወር እንጂ፣ ለሷ የታል መንገዱ?
ግድግዳው ላይ የለጠፍሁት የቀን መለወጫ ወረቀትም
ከነሐሴ በታች ተቀዷል፣ ጳጉሜ የለበትም።

ዶክተር ጦይባ አልሳቀችም። የምታጠናው ብርድ ነበር፦
ሳይከብዱ የተወለዱ ጨቅሎች በዚህ በሌሊቱ በር
ሲገቡ ገላቸው ስንት ነበር? ማን ሞቀ? ማንስ ተረፈ?
ስንቱ በባጃጅ ተጠቅልሎ ዳገቱ ላይ አለፈ?
ስም አልሰጠኋትም። ኮሚቴው ማህተም አድርጎ የፈረመው
ቁጥር ብቻ እንድታይ ነው፤ ስም ከኔ ዘንድ ነው የሚቆመው።

ከዚያ «እናጽዳው» አለችኝ። እኔ የማውቀው በመጥረጊያ
ካርድ ክፍል ሳለሁ ነው፣ የአይጡን መውጫና መግቢያ።
የሷ ማጽዳት ሌላ ነው። የጎደለው መስመር ይሰረዛል፦
ክብደት የለም? ይውጣ። ሙቀት የለም? ይውጣ።
ጥናቱ ይጠራል፣ ልጁ ይታረዛል።

አንዷ ላይ ጣቷ ቆመ፦ ሴት፤ የገባችበት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌሊት፤
ክብደት ባዶ፣ ሙቀት ባዶ።
«ጨቅላ ክፍል ገብታ ዕድሜዋ ስምንት ወር? ትውጣ፣ ምን አላት?»

«ቆይ» አልኋት።

ያቺን ሌሊት አውቃታለሁ። ተረኛ ነበርሁ፤ መብራት ሄዶ፣
ጄኔሬተሩ እየሳለ፣ ስክሪኑ ጠቁሮ፣ በርዶ።
ነርስ ይታጠቁ በስልኳ መብራት ሚዛኑን ጎንበስ ብላ አንብባ
የጓንት ካርቶን ክዳን ላይ ጫረችው፣ ነገ ይገባል ብላ አስባ።
ነገ መች ገባ? ነገም ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ካፊያ።
ካርቶኑም እኔው ክፍል ቀረ፣ ላሮጌ መዝገብ መደገፊያ።

ተነሣሁ። ቁልፍ ፈለግሁ። እያስነጠሰኝ አወጣሁት፦
አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ሠላሳ አራት ነጥብ ሁለት።
ጥጉ ላይ፣ በቀጭኑ፦ ጳጉሜ ሦስት።

ሦስተኛው ሳጥን «ውጤት» ይላል፤ ምርጫው ከሥሩ ተደርድሯል፦
ድናለች። ሞታለች። ጠፍታለች። ምልክቱ «ጠፍታለች» ላይ አድሯል።
ለማሽኑ መጥፋት ማለት በቀጠሮ አለመምጣት ነው።
እኔ ግን ሰኞ ገበያ፣ ሰኞ በሰኞ የማየው
ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ የምስር መስፈሪያ የሚያኝክ ድድ አለ።
ይበቃል። ፈርሜያለሁ። ዝም ነው።

የክትትል ክፍሏን ደወልሁ፣ «ይቺን ቁጥር ጥሯት» ብዬ፤
ሌላ ምን አቅም አለኝ፣ ከቁጥር ጋር ውዬ።

ሐሙስ መጡ። ልጅቱ ሚዛኑ ላይ አልወጣም ብላ ጮኸች፤
ስምንት ኪሎ ከሦስት መቶ፣ ጠፍታለች የተባለች።

የጦይባ ጥናት፣ ሁለት መቶ አስራ ሁለት የነበረው፣
አስራ ሦስት ሆነ። ካርቶኑን ማንም አይጠቅሰው።
ግኝቱም ተራራ አይደለም፦ ከገራዶ በሌሊት የመጣ ልጅ
ከናቱ ደረት ካልታሰረ፣ በርዶ ነው የሚደርስ ከደጅ።
ይሄንንማ ማንም እናት ታውቃለች። ማወቅና ማሳየት ግን ይለያል፤
ቢሮ ቁጥር ካላየ ብርድ ልብስ መች ይለቃል?

አመሻሽ ላይ፣ ብቻዬን፣ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ፣
አወጣኋት ከዚያ ሰልፍ፣ ከጃንዋሪ አንድ፤
ሴፕቴምበር ስምንት አልሁ። በኛ፣ ጳጉሜ ሦስት።

አራት መቶ ስድስት ቀሩኝ።
መብራቱ ሳይሄድ
ልቀጥል።