ለምንዳዬ፥ ጀልባ ከመግዛቱ በፊት

ጀልባ አትግዛ ገና፤ ስማኝ ምንዳዬ፣
አቃቂ ድልድይ ሥር ጋራዥ አለ፥ የወዳጄ የጉዬ።
ከሲኖትራክ ጎማ የወጣ ከመነዳሪ ይሸጥልሃል፣
ሁለት ቦታ ቢለጠፍ ግድ የለም፤ ሦስት ከሆነ ተወው፥ ያሰምጥሃል።
ነፍተህ አሳድረው፤ ጠዋት በሳሙና አረፋ ዳብሰው፣
ቡልቅ ቡልቅ ባለበት፥ እዚያ ነው ትንፋሹን የሚያፈሰው።
መሐሉን በጆንያ ወጥረህ ስፋ፤ ጣውላ እሰርበት፣
መቅዘፊያህ ሁለት የድስት ክዳን ይሁን፥ እጀታ ያለበት።
(ባለቤትህ ከጠየቀች ግን እኔ አልነገርኩህም።)
ዋና አልችልም አልክ አይደል? ባዶ ጀሪካን ወገብህ ላይ እሰር፣
ክዳኑን አጥብቅ፤ የላላ ክዳን ከድንጋይ እኩል ነው፥ ውኃ ሥር።

መንጠቆ ስትገዛ፥ ከምናለሽ ተራ በላይ፣
በጥፍርህ ላይ ጎትተው፤ ከተንሸራተተ ዱልዱም ነው፥ ዋጋውን እንኳ አትይ።
ለቆሮሶ ትንሹን፤ አፉ እንደ ቆጣቢ ሰው ቦርሳ ጠባብ ነው፣
ለአምባዛ ጣት የሚያህለውን፤ እሱ ያገኘውን ነው የሚውጠው።
ናይሎኑን ደጅ አታስጣው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣
ዓሣው ሲጎትት አይደለም፥ አንተ ስትኮራ ነው የሚበጠስብህ፤ ያሳፍርሃል።
ቋጠሮውን ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርጥበው፣
ደረቅ ቋጠሮ እንደ ደረቅ ይቅርታ ነው፤ ቀን ጠብቆ ነው የሚፈታው።
ለማስመጫ ብሎን ይበቃል፤ እርሳስ በጥርስህ አትንከስ፣
የእኔን ጥርስ አይተኸው የለ? ፒንሳ ይዘህ ድረስ።

ይኸን ሁሉ ስነግርህ አንተ ከፌስታልህ ሣጥን አወጣህ፣
‹‹ዓሣ የሚያይ መሣሪያ ነው›› ብለህ የዱባዩን ዕቃ አመጣህ።
መዳፍ የምታህል መስኮት፥ ከሥሯ ሽቦ የተንጠለጠለ፣
ባትሪው የማስረሻ ባጃጅ፥ አንድ ሰዓት ላይ መልሱ የተባለ።
ሳቅኩ። ምን እዋሽሃለሁ፥ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣
እኔ ውኃ የማነበው በጣቴ ነው፥ በብርድ ቀን በጉንጬ፥ አልኩ።

በአባ ሳሙኤል ላይ እንቦጩን እየገፋን ሄድን፥ በጎማ ሁለት፣
ሽታው ከኋላችን፥ ጭጋጉ ከፊት።
(ስለ መብላቱ አትጠይቀኝ፤ ይህ ውኃ የመጣ በከተማው አንጀት አልፎ ነው፣
እኔ የማጠምደው ልቤ እንዲያርፍ፤ የምለቀውም ለዚሁ ነው።)
ጲጵ አለች መስኮቷ፥ ዓሣ ነው አልክ፥ ጣልን፤ የፌስታል መዓት፣
ጲጵ አለች ደግሞ፤ ያንድ እግር ጫማ፥ ቁጥሩ አርባ አራት።
ያኔማ ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ከግድቡ ወዲህ፥ ከባሕር ዛፎቹ ፊት ለፊት፣
መስመሯ ተነሣች፥ ከሰባት ሜትር ወደ ሦስት፣
እንደ ደረጃ፥ ዝግ ብላ፥ ሳትጮህ።
እዚያ ጭቃ ነው ብዬ ስንቱን ሰው መለስኩ!
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በላዩ እየቀዘፍኩ ማዶ ሄጄ ጣልኩ።
ከሥሬ የድንጋይ ካብ ኖሯል፤ ምናልባት የዱሮ በረት፣
ውኃው ሳይመጣ በፊት ከብት ያደረበት።
አንዴ ጣልክ፥ አምባዛ። ደግመህ ጣልክ፥ አምባዛ። ሦስተኛው ክንዴን ያህላል።
‹‹ጋሼ፥ ምነው ዝም አሉ?›› አልከኝ። ምን ይባላል?

እንግዲህ የቀረኝን ምክር ልንገርህ፥ ከእንግዲህ ብዙ የለኝም፦
ሽቦውን በግራ በኩል እሰር፤ ናይሎኑ እንዳይጠላለፍ፣
መስኮቷን በላስቲክ ጠቅልላት፤ ጤዛ እንዳያልፍ።
ባትሪውን ከውኃ ከፍ አድርግ፤ ማስረሻ ሰው አይምርም።

ማታ ቤቴ ገብቼ የዕድር ደብተሬን ጀርባ ገለጥኩ፣
ግድቡን አንድ መስመር፥ ባሕር ዛፎቹን ሦስት ነጥብ አድርጌ ሣልኩ፣
በጭንቅላቴ ዘመኔን ሙሉ ‹‹ጭቃ›› ብዬ የጻፍኩትን ሰረዝኩ።
ቅዳሜ፥ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ና። ጎማህን እነፋዋለሁ፣
አንተ ባትሪውን አትርሳ፤ ትሉን እኔ አመጣለሁ።