ሬዲዮውን ዝጋው

ሬዲዮውን ዝጋው። መስታወቱን አውርድ።
ነፋስ ይግባ፣ ተወው፤ በአንደኛ ማርሽ ሂድ፣
እስከ ዛፎቹ ድረስ፣ በጠጠሩ መንገድ።
"ጆሮሽስ፣ ዶንያ ኔሊዳ?" ብለህ አትጠይቀኝ፤
ግራው እንደሆነ ሄዷል፤ ቀኙ ነው የቀረኝ፤
የበግ መሸለቻ ሞተር ነው የነጠቀኝ።
የቀረውን በጥርስ።
የካቻቢቴውን እጀታ ነክሼ፣
ጫፉን እስከ ካምቢዮው ሆድ ድረስ አድርሼ፣
አጥንቴ ይሰማል ጆሮ የሳተውን፣
የኩሺኔታውን የውስጥ ለቅሶውን።

አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛው ላይ ቆይ።
ይህ ቀጭን ፉጨቱ ድሮም ነበረ ወይ?
"ካቻምና ጀመረ።" ካቻምና? በል ተው!
ሁለት ዓመት ሙሉ
አኮርዲዮን ስትከምርበት የከረምከው!

አራተኛ አስገባ።
ሰማህ? ጠፋ ፉጨቱ።
በአራተኛ ጉልበት በቀጥታ ያልፋል፤
የታችኛው ዘንግ ሸክሙን ጥሎ ያርፋል።
ሸክም ሲነሣለት ዝም ያለ በሽተኛ
የቁስሉን ቦታ ነው የነገረን ለእኛ።

ቁልቁለቱ መጣ፤ ማርሹን አውጣውና
ልቀቀው ይንከባለል፤ አዳምጥ እንደገና።
ከጎማው ጋር ሮጦ፣ ከጎማው ጋር ቢያዝን፣
ነገሩ ከኋላ ነው፣ ካምቢዮን አንወቅስም አሁን።
ነዳጅ ስትሰጠው ጮኾ፣ ስትነሳው ቢተው፣
ፒኞንና ኮሮና ተኳርፈው ነው፣
ጥርስ ለጥርስ ገጥመው።
(አግብቼ አውቀዋለሁ፤ ሌላ ቀን ነው ወሬው።)
ያንተ ግን ዝም አለ። ኋላህ ጤነኛ ነው።

"ታዲያ ያ 'ቋ!' የሚለው? ጠጠር ላይ ሳዞረው
በመዶሻ እንደመቱት ከስሬ የሚጮኸው?
ለእሱ ነው የመጣሁ። ሰው ዞሮ ያየኛል።
አውጪና ጣይልኝ።"

ስማኝ ኤቫሪስቶ።
ልቅ ዲፈረንሻል ጉቦ የበላ ዳኛ ነው፤
ጉልበቱን በሙሉ ለሚንሸራተተው
ይፈርዳል፤ ቆሞ የቻለው ጎማ ባዶ እጁን ነው።
አባትህ ፕሩደንሲዮ፣ የሴንጌር መንገድ ላይ፣
በረዶ ውስጥ ሦስት ሌሊት
አንድ ጎማ ብቻ በከንቱ ሲሽከረከርበት፣
መቶ አርባ ሙክቶች ቆመው ደረቁበት።
ሲመለስ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ነበር፤
ሰላምታም አልሰጠኝ፤
"ኔሊዳ፣ ቆላፊ ግጠሚልኝ" አለኝ።

ገጠምኩለት።
ሁለቱን ጎማዎች ባንድ ቀንበር ጠምዶ
ያስገፋቸዋል በጭቃ፣ በበረዶ።
ማዞሪያ ላይ ግን የውጪው መንገዱ ይረዝማል፤
ሊቀድም ሲል ይፈታዋል፣ መልሶ ሲይዘው "ቋ!" ይላል።
ጠባዩ ነው እንጂ፣ ይህስ ደዌ አይባል።

ጮኾ የሚናገር ጤነኛውን ፈርተህ፣
ቀስ ብሎ የሚያልቀውን በዘፈን ሸፍነህ...
"ዝም አይነቅዝም" ያለው ሰው
ካምቢዮ ከፍቶ አያውቅም።

ቁም። አጥፋው። ባትሪውን ያዝልኝ።
ይኸው፣ የዘይቱ ብሎን፤ ጫፉ ላይ ማግኔት አለው።
እጅህን አምጣ። በጣትህ እሸው።
ብር የመሰለ ጭቃ፤ ያምራል አይደል? ኩሺኔታ ነበር፤
አንተ ስትጨፍር ነው እንዲህ የተፈጨው።

አዲሱ ከኮሞዶሮ ይመጣል ሐሙስ፤
እስከዚያ በአራተኛ፣ ያለ ጭነት፣ በቀስታ ተመለስ።
ያንን ቋ ግን አልነካውም።
ሌላ ጋራዥ ሂድ፣ ገንዘብ ክፈል፣ ያውጡልህ፤
የእኔን መፍቻ ለዚህ አላውስህም።

ከመሄድህ በፊት፣ ከግቢዬ መግቢያ፣
እዚያ ከዛፎቹ ጥግ፣ አንዴ አዙርልኝ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ማታ፣ መብራት ሳይታይ፣
ይህ መኪና ሲታጠፍ "ቋ!" ሲል ጠጠሩ ላይ፣
ተነሥቼ ለማቴው ውሃ እጥድ ነበር፣ ማን እንደሆነ ሳላይ።
አሁን ጆሮ አይበቃኝም ለዚህ።
እሺ፣ ንዳ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፈው፤
አይ፣ ቆይ፣
ካቻቢቴዬን አቀብለኝ።